ሰባተኛው አቀንጭራ

መስከረም ሃያ ስምንት ቀን ነው፤ ገበሬው በዚያን ጊዜ የሃምሳ ስድስት ዓመት ሰው ነው። በማሽላው መካከል ተንበርክኮ አቀንጭራ የሚባለውን አረም ይነቅላል። አበባው ሐምራዊ ነው፤ ለማያውቀው ሰው ዐይን ያሳርፋል። ሥሩ ግን በማሽላው ሥር ላይ ተጣብቆ ይጠባል። ደባው በመሬት ውስጥ ስለሚፈጸም፣ አበባው ብቅ ሲል ማሽላው አስቀድሞ ተጎድቷል።

ሚስቱ የተነቀለውን ለማቃጠል ጆንያ ይዛ ከኋላው ትከተላለች።

«ስንት ሆነ?» አለችው።

«ስድስት። አምና ሠላሳ አንድ ነበር። እንግዳ ሆኖ ገብቶ ጌታ ሆነብን፤ አሁንስ ጓዙን ሊጠቀልል ነው።»

ሚስቱ አልሳቀችም።

ይህ ማሳ አቀንጭራ አያውቅም ነበር። ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት፣ አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ፣ የሰባት ዓመት ልጃቸው ከጎረቤት ማሳ የደረቀ አበባ በቀሚሷ ሰብስባ መጥታ በተነችበት። «አባዬ፣ አበባ ዘራሁልህ» አለችው። እርሱም ተቆጣት፤ እስክታለቅስ ተቆጣት። ክረምቱ ሳይገባ ትኩሳት ወሰዳት። ሌላ ልጅ አልነበራቸውም።

ዘሩ እንደ ትቢያ የደቀቀ ነው። አፈር ውስጥ ሃያ ዓመት ሊተኛ ይችላል፤ የማሽላ ሥር ሲቀርበው ይነቃል። ከዚያች ዓመት ወዲህ በየክረምቱ ጥቂት ጥቂቱ እየነቃ ወጣ፤ ገበሬውም ፍሬ ሳይቋጥር እየተከተለ ነቀለው።

ሰባተኛው በማሳው ጠርዝ ብቻውን ቆሟል። እጁን ሲሰድ ሚስቱ ትከሻውን ያዘችው።

«ይቺን ተዋት።»

«አንቺ ሴት፣ አንዷ ብቻዋን እኮ እልፍ አእላፍ ዘር ነው የምትጥለው። ምን ልንበላ ነው?»

«መቼ ጠፋኝ? ተዋት ነው ያልኩህ።»

ማሽላውን አየ። እርሷን ግን ቀና ብሎ ማየት አቃተው። ግንዱን ከታች ጨብጦ ቀስ ብሎ ሳበው፤ የማሽላው ቀጭን ሥርም አብሮ ተያይዞ ወጣ።

ይህ ማሳ ከአረሙ የሚጸዳበትን ቀን ሲለምን ዓመታት አልፈዋል። ያ ቀን ሲደርስ፣ የልጃቸው እጅ የዘራው ነገር ከምድር ላይ እንደሚያልቅ ገና አሁን ገባው። ሚስቱ ጆንያውን ከፍታ ትጠብቃለች፤ እርሱ አበባውን እንደጨበጠ፣ በአገዳዎቹ መካከል መሬት መሬቱን ያያል።

እኔ የማስታውሰው ይህን ነው። ሰባት ማለቴ ስሕተት ከሆነ፣ በዚያ ዓመት በማሳው ዳር ያለፈና ስምንተኛ ያየ ሰው ቢኖር ያርመኝ።