ኪኒንሽን ዋጥሽ?

«ዕቃም ባለቤቱን ይከተላል፤ ኮምፒውተሩ ሐዘን ገብቶት ነው ዝም ያለው» ትል ነበር የልጅቷ አክስት ለገባ ለወጣው ለቀስተኛ ሁሉ።

«ሐዘን አይደለም፣ አክስቴ። ፕሮግራሙ የተጻፈበትን ቋንቋ፣ ፓይተንን፣ በአዲስ ቨርዥን ቀየርኩት፤ እሱ ግን በድሮው መንገድ እየሄደ በሩን አጣው» አለች ልጅቷ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል።

«አንቺ ደግሞ ለሁሉ መልስ አለሽ።»

ፕሮግራሙ የልጅቷ ሟች ወንድም ሥራ ነው፤ በየቀኑ በገዛ ድምፁ «እማዬ፣ ኪኒንሽን ዋጥሽ?» ይል ነበር። እናቷ ኪኒኗን በመዳፏ እንደያዘች «እሱ ሳይጠይቀኝ አልውጥም» ብላ ጆሮዋን ወደ ማሽኑ አዘነበለች።

ልጅቷ መንገዱን አቃናችው። ፕሮግራሙ ተነሣ፤ ድምፅ ግን አልወጣውም። የጎደለውን ፋይል አድራሻ ስክሪኑ ላይ አነበበች። ወንድሟ ድምፁን ያኖረው በድሮው ቨርዥን ፎልደር ውስጥ ኖሯል፤ ፎልደሩን ደግሞ ጠዋት «ለአሮጌ ቦታ የለኝም» ብላ እሷው ከሥሩ ነቅላ ላይመለስ አጥፍታዋለች።