አቧራ የሌለው አንሶላ

ልብስ ሰፊዋና ባሏ የዓመቱን እኩሌታ የሚኖሩባት፣ በሰው አገር ገጠር ያለችው ቤታቸው ሁሌም የምትቀበላቸው በሥራ ነበር። ልብስ ሰፊዋ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ዕቃው የተሸፈነበትን አንሶላ እየገፈፈች መሬት ላይ መከመር ጀመረች። ወገቧ ሊቆረጥ ደርሷል። "ሄደን መሸፈን፣ መጥተን ማጠብ! መቼ ልንኖርባት ነው?" እያለ የሚያላግጠው ባሏ ዘንድሮ የለም።

የእሱን ወንበር አንሶላ ገፍፋ አራገፈችው። አቧራ የለውም፤ መሀሉ ሰው እንደተቀመጠበት ተጨማዷል። ቁልፍ የሚያስቀምጡላቸው ባልቴት ጎረቤት በሩ ላይ ቆመው አቀረቀሩ።

"ማረፉን ብሰማ፣ አንቺ ሩቅ ነሽ ልጄ። አመሻሽ ላይ እየመጣሁ ቤቱን ሳስተዛዝን ነበር።"

ልብስ ሰፊዋ አንሶላውን ከሚታጠበው አልደባለቀችውም። ወንበሩን መልሳ አለበሰችውና "ይቀመጡ እማማ" አለች፤ እሷም ካልታጠበው ክምር ላይ ዘፍ አለች።