ከመርል በፊት

ከሲድኒ እስከ ሆባርት የእኔን ያህል ልብ ወለድ ያነበበ የለም፤ ጥንታዊውንም፣ ሰው የሚሻማበትንም ጨርሻለሁ። እዚህ ታዝማኒያ ያነበብነውን እንዳንደግም፣ በቤተ መጻሕፍቱ መጽሐፍ ገጽ ሠላሳ ላይ በእርሳስ ምልክት እናደርጋለን። የእኔ ዘውድ ነው፤ ሌላ ምን ይመጥነኛል? የባለቤቴ የመርል ትንሽ ዓሣ ነበረች። መርል ሁልጊዜ ቀድማኝ ታነብ ነበር። ባለፈው ክረምት ቀበርኳትና ማንበቤን ቀጠልኩ።

ዛሬ የቤተ መጻሕፍቱ ሠራተኛ ግሌኒስ አንድ አዲስ ልብ ወለድ ከታሸገበት ላስቲክ እፊቴ አውጥታ ሰጠችኝ።

«እንካ ጉረኛው፤ ገና አሁን መምጣቱ ነው። ይሄንንም አንብቤዋለሁ በለኝ እንጂ።»

«አልልም። ግን ዛሬ መርልን ቀደምኳት» አልኩና እርሳሴን ይዤ ገጽ ሠላሳን ገለጥኩ።

የመርል ዓሣ እዚያው ገጹ ላይ አለች። ግሌኒስ አንገቷን አስግጋ አየችና የቀደደችውን ላስቲክ አንስታ አገላበጠች። ዓሣዋን በጣቴ ዳሰስኳት፤ እርሳሱ ጣቴን አጠቆረው።