ሁሌም ቀዳሚው

በተራራው አናት፣ ደመና ከጣሪያው በታች በሚያልፍበት የድንጋይ ቤት፣ ሁለት ልጆች አብረው አደጉ። አንዱ ልዑል ነው፤ ሌላው የጋጣ ልጅ። ልዑሉን ሰው ሁሉ «እርስዎ» ይለዋል። የጋጣውን ልጅ ግን «ጭዱ» ነው የሚሉት፤ ፀጉሩ ውስጥ ጭድ ጠፍቶ አያውቅማ።

በአንድ ክረምት የተወለዱ ናቸው። ቁመታቸውም እኩል ነው። «ታዲያ ለአንዱ ማር፣ ለአንዱ እሬት ምን የሚሉት ፍርድ ነው?» ይላል ጭዱ ፈረስ ሲያብስ፣ ከፈረሱ በቀር ሰሚ ሳይኖረው።

ንጉሡ የሞቱት ልዑሉ ገና በእቅፍ ሳለ ነው። አጎትየው ዙፋኑ ላይ የወጣው «ልጁ እስኪደርስ አደራ ነው» ብሎ ነበር። ግን ወንበር ከሞቀ ወዲያ ማን ይነሣል? ሞግዚቷና የዘበኞቹ አለቃ ያሉባቸው ታማኞች ልዑሉን ይዘው ወደ ተራራው ሸሹ፤ እዚያው ደብቀው አሳደጉት።

ጭዱን ከምንም በላይ የሚያበግነው ማዕድ ነው። ሞግዚቷ ሳህኑን መጀመሪያ ለልዑሉ ታቀርባለች። ልዑሉ ከዳቦውም ከሥጋውም ይቀምሳል። ያወራል፣ ይስቃል፣ ይቆያል። ጭዱ ምራቁን እየዋጠ ይጠብቃል። ምግቡ ሲቀዘቅዝ የተረፈው ወደ እሱ ይገፋለታል።

መኝታም ያው ነው። ልዑሉ ሸለቆው ወለል ብሎ በሚታይበት ሰፊ መስኮት ሥር ይተኛል። ጭዱ መስኮት የሌለው ጓዳ ውስጥ ነው። ሽማግሌው የዘበኞች አለቃ ደግሞ የጓዳውን በር ዘግቶ ይጋደማል። ምንጭ ወርዶ ውሃ ሊቀዳ እንኳ አለቃው ከኋላው አይጠፋም።

«ምን ልሰርቅ ነው የምትከተለኝ?» አለው አንድ ቀን።

«ዝም ብለህ ቅዳ» አለው አለቃው።

ትምህርቱም ሳይቀር ያዳላ ነበር። ልዑሉ የሕጉን ቃል ቢስት ይታለፋል። ጭዱ ከሳተ እስኪያጠራው ድረስ ውጭ አይወጣም። «ፈረስ ከመቼ ወዲህ ነው ሕግ የሚጠይቀው?» ቢል አለቃው አልሳቀለትም።

ልዑሉ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ይሄ ነው ነገሩን ያባሰው። ክፉ ቢሆን መጥላቱ ይቀል ነበር። አንድ ማለዳ ቀዩን ካባ አውልቆ ጭዱ ትከሻ ላይ ጣለው።

«እስኪ ዛሬ አንተ ልዑል ሁን፤ እኔ ጋጣ ልዋል።»

ጭዱ ደረቱን ነፍቶ ወደ ደጁ አመራ። ሞግዚቷ ከጓዳ ወጥታ አየችው። ፊቷ አመድ መሰለ። ካባውን መንጭቃ ገፈፈችው።

«ሁለተኛ ይሄን ለብሰህ ደጅ እንዳላይህ! ሰማህ?»

ከዚያ ልዑሉን መልሳ አለበሰችው። የካባውን ቁልፍ ስትቆልፍ ዓይኗ እንባ አቅርሯል።

«ለጨርቅ ታለቅሳለች» አለ ጭዱ በሆዱ። ከዚያ ቀን ወዲህ ቅናቱ እንደ ነቀዝ ውስጥ ውስጡን በላው።

ልዑሉ ለዙፋን ሲደርስ፣ የአገሩ ሽማግሌዎች ወዳሉበት ማዶ ሊሻገሩ ተነሡ። አጎትየው መንገድ ላይ ሰው አስቀምጧል የሚል ወሬ ነበር። ልዑሉ በነጩ በረዶ ላይ ቀዩን ካባ እያውለበለበ ፊት ፊት ሄደ። ጭዱ አሮጌ ብርድ ልብስ ተከናንቦ፣ ስንቁን ተሸክሞ፣ በአለቃውና በሞግዚቷ መሃል ተከተለ። «የጭነት አህያ እንኳ አንዳንዴ ትቀድማለች» እያለ ያጉተመትማል።

ከገደሉ አፋፍ ደረሱ። የገመዱ ድልድይ ጭጋግ ውስጥ ተዘርግቷል። አለቃው ነቅነቅ አደረገው።

«ደህና ይመስላል። ልዑሉ ይቅደሙ።»

«ሁሌም እሱ!» አለ ጭዱ በሆዱ፤ ምሰሶውን ተደገፈ። እጁ ገመዱ ላይ ጭቃ የተለቀለቀበት ቦታ አገኘ። በጣቱ ፈቀፈቀው። ከጭቃው ሥር ገመዱ በቢላ ተገዝግዟል፤ የቀረው ጥቂት ክር ነው።

«ቆይ» ሊል አፉን ከፈተ።

በዚያው ቅጽበት ሞግዚቷ የልዑሉን ፊት በሁለት እጇ ይዛ ግንባሩን ሳመችው። አልለቀው አለች። ጭዱን አንድም ቀን እንዲህ ስማው አታውቅም።

ጭዱ አፉን ዘጋ። ጭቃውን በመዳፉ መልሶ ለቀለቀው።

ልዑሉ ድልድዩ ላይ ወጥቶ ዞር አለ። «ጭዱ፣ ስትሻገር ወደ ታች እንዳታይ። እኔን እያየህ ና።»

መሃል ሲደርስ ገመዱ ተበጠሰ። ቀዩ ካባ አንዴ ተዘረጋ፤ ከዚያ ጭጋጉ ዋጠው። ከማዶ መለከት ተነፋ። ከድንጋዮቹ ጀርባ የአጎትየው ሰዎች ብቅ ብቅ አሉ፤ ወደ ገደሉ እያዩ ተቃቀፉና ወደ መጡበት ተመለሱ።

ጭዱ የተመኘው ደርሶለት ነበር፤ ግን ደስ አላለውም። በረዶው ላይ ተቀመጠ።

«ልጄን!» ሞግዚቷ ገደሉ አፍ ላይ ተደፍታ ጮኸች። «ልጄን! አንድ ልጄን!»

ጭዱ ቀና ብሎ አያት። ልዑሉን እንዲህ ብላ ጠርታው አታውቅም።

አለቃው ወደ እሷ አልሄደም፤ ቆቡን አውልቆ ጭዱ ፊት ተንበረከከና «ይነሡ፣ ንጉሥ ሆይ» አለው፤ «የአጎትዎ ሰዎች እርስዎ ሞተዋል ብለው ሄደውልናል።»