የኡን-ጆንግ ቋጠሮ

የሁለቱ ኮሪያዎች የጋራ ቡድን ተበትኖ የሰሜኖቹ አውቶቡስ እንደወጣ፣ የደቡቦቹ አሠልጣኝ የጋራውን ባንዲራ፣ ያልተከፋፈለችውን ኮሪያ ሰማያዊ ካርታ፣ የያዙትን ማሊያዎች ሰበሰበ። «ከዛሬ ጀምሮ በየባንዲራችን ነው። በሉ፣ በረዶው ላይ ውጡ!» አለ። ሃ-ቢን ግን የበረዶ መንሸራተቻ ጫማዎቿን ጭኗ ላይ እንዳደረገች አልተነሳችም። ጫማዎቹ በማሰሪያቸው እርስ በርስ ተቋጥረዋል፤ የቋጠረቻቸው ኡን-ጆንግ ናት።

የሃ-ቢን የእጅ ጣት በልምምድ ከተሰበረ ወዲህ ጫማዋን የምታስርላት ያቺ የሰሜን ልጅ ነበረች። ገና ሲተዋወቁ ዕድሜዋን ጠየቀቻትና ሃ-ቢን በዓመት እንደምትበልጣት ስታውቅ፣ «በቃ እትዬ ነሽ፤ እግርሽን አምጪ!» ብላ ተንበረከከች። ጣቷ ቶሎ ዳነ፤ ሃ-ቢን ግን ፋሻውን አላወለቀችውም። ዛሬ ጠዋት ኡን-ጆንግ ጫማዎቹን አቆራኝታ ትከሻዋ ላይ አንጠለጠለችላት። ከዚያም ጠባቂዎቿ እንዳይሰሙ በጆሮዋ፣ «እትዬ፣ ጣትሽ ከዳነ እንደቆየ አውቃለሁ» አለቻትና አውቶቡሱ ውስጥ ገባች። ወደሄደችበት አገር ስልክም ደብዳቤም አይደርስም።

«ምን ትጠብቂያለሽ? ፈትተሽ አጥልቂ እንጂ!» አላት አሠልጣኙ።

ሃ-ቢን እጇን ብብቷ ውስጥ ሸጎጠች።

«ጣቴ ገና ነው» አለች። «አልዳነም።»