«እነሱ ብርዱን ለምደውታል»

«ጓንቴን ማነው ያነሳው?!»

ምናለ ጮኸ...

ውጭ በረዶው ይወርዳል። አሁን የተከሉት ድንኳን እየተንቀጠቀጠ ነው። የምናለ ግራ እጅ ጓንት ውስጥ ነው፣ ቀኙ ባዶውን ቀርቷል።

«ቅድም ፎቶ ስንነሳ አውልቀኸው ነበር እኮ» አለችው ዮርዳኖስ።

«አውልቄ ኪሴ ከተትኩት! ከኪሴ ማን ወሰደው ታዲያ?!»

ምናለ ፍኖተ ሰላም ውስጥ የመንግሥት ሠራተኛ ነው። ከሥራ ባልደረቦቹ ከዮርዳኖስ፣ ከሄቨንና ከአንዷለም ጋር ከፈረስ ቤት ከተማ በላይ ካለው ደጋ ላይ ድንኳን ጥለው ሊያድሩ ነው የመጡት።

ያቺ ጓንት ደግሞ እንዲሁ የተገኘች አይደለችም!

የጓንትና የካልሲውን ግዢ እሱ ላይ ጣሉበት... ከዚያ ሳምንቱን ሙሉ ነፍሱን አወጡት!

ሄቨን «ስልክ የምነካበት ስስ ጓንት ካልሆነ አልፈልግም» ትላለች።

አንዷለም «ለኔ ካልሲ አትግዛ፣ የራሴን ሦስቱን ደርቤ እመጣለሁ» ይላል።

«ጫማህ ውስጥ ጣትህ መላወሻ ካጣ አስር ብትደርብም ይበርድሃል! የጥጥ ካልሲ ደግሞ አንዴ ከራሰ አለቀለት፣ ሱፍ ነው የሚያዋጣህ!» እያለ ጉሮሮው እስኪደርቅ ለፈለፈ። ማን ይስማው...

ፍኖተ ሰላም ገበያን ቢያስስ ያው ስስ የጥጥ ካልሲ ብቻ ነው። በመጨረሻ ቡሬ ድረስ ሄዶ ውስጡ ሱፍ፣ ላዩ ውኃ የማያስገባ ጓንት አገኘ። ለእያንዳንዱ ሰው አንድ ጓንት፣ ሁለት የሱፍ ካልሲ። አንዱ ካልሲ የሚለበስ፣ ሌላው እንዳይርስ በፌስታል ተጠቅልሎ የሚቀመጥ።

ያኔ ዮርዳኖስ ደውላ «ለመንገድ መሪያችንስ?» ብላው ነበር።

«ተይኝ እባክሽ ዮርዲ! እነሱ ብርዱን ለምደውታል!»

ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋባት።

መንገድ መሪያቸው አያ ገብረሰንበት ናቸው... የዚያው የደጋው ሰው፣ ሽማግሌ። ጓዛቸውን በበቅሏቸው ጭነው ያወጧቸው እሳቸው ናቸው። ጠዋት ሲገናኙ ሁለት እጃቸውን ዘርግተው ጎንበስ ቢሉ፣ ምናለ ጓንቱን እንኳ ሳያወልቅ ጨበጣቸው። ለአባት ለሚሆን ሰው!

«ቆይ... አያ ገብረሰንበት የታሉ?» አለች ሄቨን።

ወደ ውጭ ብቅ ብለው አዩ። በቅሎዋ እንደታሰረች ናት። ሽማግሌው የሉም።

ምናለ በንዴት ሳቀ።

«ይኸው! ሌባው ተገኘ!»

«ምናለ! አፍህን ሰብስብ!» አለች ዮርዳኖስ።

«ምን እሰበስባለሁ?! ጓንቴን ይዞ ላጥ ብሏል! ቡሬ ድረስ የተንከራተትኩበትን!»

አንቱታውም ቀረ...

በረዶው ጋብ ሲል ከታች በኩል አንድ ሰው ቀስ እያለ ሲወጣ ታየ።

አያ ገብረሰንበት ናቸው!

ጋቢያቸው ውኃ ያንጠባጥባል። አንድ እጃቸውን ብብታቸው ሥር ሸጉጠዋል። ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ሲደርሱ እጃቸውን አወጡ...

ጓንቱ!

«ይኸ ያንተ ነው አይደል ልጄ? ጓዝ ስናወርድ አንድ እጅህ ባዶውን ሆኖ ባየሁ ጊዜ ተመለስኩ። ፎቶ ከተነሳችሁበት ዝቅ ብሎ ወድቆ አገኘሁት።»

ምናለ ተቀበላቸው። ጓንቱ ደረቅ ነው። ጠብታ ውኃ አልነካውም።

«ታዲያ... ለምን አላጠለቁትም አያ?»

«እጄ እርጥብ አይደለም እንዴ? ባጠልቀውማ ይርስብህ ነበር።»

ምናለ በባዶ እጁ እጃቸውን ያዘው... ብረት ነው የሚመስለው! ጠዋት በጓንት ሲጨብጣቸው ይሄን የት አውቆ!

«እኔ እኮ... ለምደውታል ብዬ...»

ሽማግሌው ፈገግ አሉ።

«ብርድ ይለመዳል እንዴ ልጄ? እናንተን ሲበርዳችሁ እኛንም ይበርደናል። የጠየቀን ስለሌለ ነው ዝም ያልነው።»



ምናለ ሁለቱንም ጓንት ሊያጠልቅላቸው ሞከረ። አልሆነም። ጣታቸው ደርቆ አልዘረጋ አለ። ተጣደፈ... ቦርሳውን ዘረገፈው... በፌስታል የጠቀለለውን ደረቅ የሱፍ ካልሲ አወጣና አንዱን በቀኝ እጃቸው፣ አንዱን በግራ እጃቸው እስከ ክርናቸው ሳበው።

«ካልሲ በእጅ!» ብለው አያ ገብረሰንበት ከት ብለው ሳቁ።

ምናለ ግን አልሳቀም። ካልሲ የለበሱትን እጆች በሁለት እጁ አቅፎ፣ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ።

«ይቅር ይበሉኝ አባቴ... ሌባ ብዬዎት ነበር።»

«ብርድ ነው ያናገረህ» አሉት።

እኔን ግን ይቺ «ለምዶታል» የምትባል ነገር ከምንም በላይ ታናድደኛለች! ዘበኛው ለምዶታል... ሠራተኛዋ ለምዳዋለች... እማዬ ለምዳዋለች... ማን ነው የነገረን? ጠይቀን እናውቃለን?

ዝም ያለ ሰው ሁሉ አልበረደውም ማለት አይደለም ወገኖቼ። ለራሳችን ስንመርጥ አጠገባችን የቆመውንም እንቁጠረው።

እስቲ በእውነት ንገሩኝ... እናንተስ «ለምዶታል» ብላችሁ ያለፋችሁት ሰው ማን ነው? ዛሬ ምን ትሉት ነበር? ኮሜንት ላይ ጻፉለት 👇