ፊቱ የማይታየው ሰው

«ጋሽ ቶላ! ወደ ኋላ አይሂዱ... ብረት አለ!»

ረሂማ ከፕላስቲክ ዕቃ ሱቋ ወጥታ ብትጮህም መርካቶ፣ ሰባተኛ ሰፈር ጫጫታ ነውና ቃሏ አልደረሰም።

ኩንታል የተሸከመ ሰው ማረፍ ሲሻ ሸክሙን አያወርድም። ካወረደው ማን መልሶ ያሸክመዋል?

ጀርባውን ሰጥቶ ወደ ሱቅ መደብ ያፈገፍጋል፤ ኩንታሉን መደቡ ላይ ያስደግፍና ትንፋሹን ይሰበስባል። ኋላውን አያይም። ልማዱን ያምናል።

ጋሽ ቶላም አምነው አፈገፈጉ...

የሱቁ ባለቤት የሆነው ሳሙና አስመጪ ድርጅት ግን በዋዜማው መደቡ ላይ ሹል ሹል ብረት አስተክሎ ነበር። ተሸካሚ እየተደገፈ ቀለሙን አቆሸሸው ተብሎ!

ብረቱ ዳሌያቸውን ወጋቸው። ከነኩንታላቸው ተዘረሩ።

በዚያው ሳምንት ድርጅቱ በፌስቡክ ገጹ አንድ ፎቶ ለጠፈ... ከኩንታል ሥር የጎበጠ፣ ፊቱ የማይታይ ሰው።

«ይህን ጀርባ እናክብር! ድርጅታችን ከተሸካሚው ጎን ይቆማል!»

አገር አጨበጨበ።

«እንዲህ ያለውን ያብዛልን!»

«ከእንግዲህ ሳሙና ከእነሱ ብቻ!»

ረሂማ ፎቶውን አየችና ደሟ ፈላ። ጋሽ ቶላ ናቸው፤ ኮታቸው ላይ ያለውን ሰማያዊ መጣፊያ የሰፋችው እሷ ነበረች።

«የምታከብሩት ሰው በደጃችሁ ብረት ተወግቶ ተኝቷል። መጀመሪያ ብረቱን ንቀሉ!» ብላ ጻፈች።

«ምቀኛ!»

«ስንት ተከፈለሽ?»

«ነጋዴ ለነጋዴ መቼ ተዋዶ ያውቃል!»

ገጹም «የሐሰት ወሬ አንታገሥም» አለና ጽሑፏን ሰርዞ አገዳት።

በማግስቱ ሱቋን ዘግታ ወደ ድርጅቱ ቢሮ ወጣች። የገጹ ጸሐፊ በፍቃዱ የሚባል፣ ከረባት ያሰረ ወጣት ነበር።

«እትዬ፣ ቀጠሮ አለዎት?»

«ብረት ለማስነቀል ቀጠሮ ያስፈልጋል? ሰውየው ቆመው መሄድ አቅቷቸዋል!»

«የትኛው ሰውዬ?»

«ጋሽ ቶላ ናቸዋ! በፎቷቸው የምትነግዱባቸው!»

የወጣቱ ፊት አመድ መሰለ። ተነሥቶ በሩን ዘጋ።

«ስሙን... እዚህ ለሌላ ሰው ነግረዋል?»

«ምን አገባህ?»

«አባቴ ነው» አለ በሹክሹክታ። «እዚህ ግን አባቴ ነጋዴ ነው ብያለሁ... እባክዎ እትዬ፣ አያዋርዱኝ።»

ረሂማ ወደ ጠረጴዛው ተጠጋች።

«ፎቶውን ስትለጥፍ ታውቅ ነበር?»

«ፊቱ ስለማይታይ ነው የመረጥኩት።»

«መውደቃቸውንስ?»

«አልነገረኝም።»

«ጠይቀሃቸው ታውቃለህ?»

ወጣቱ ዐይኑን ወደ ኮምፒውተሩ መለሰ።

«እሺ፤ አባትህን ካድ፣ እሱን ፈጣሪ ይፍረደው። ብረቱን ግን አስነቅል! ነገ ሌላ ሰው ይወጋል!»

«ባለቤቱን ብጠይቀው "ስለ ተሸካሚ አንተን ምን አንገበገበህ?" ይለኛል። ምን ብዬ ልመልስ?»

ረሂማ የዘጋውን በር ከፈተች። ወጣች።

በዚያው ቀን ገጹ አዲስ ጽሑፍ አወጣ...

«አባቶቻችን ኩራታችን ናቸው!»

የተከታዮች የልብ ምልክት እንደ ዝናብ ወረደለት። ብረቱ ግን እንደተተከለ ነው።

ወገኖቼ፣ ክብር በገጽ አይለጠፍም፤ በደጃፍ ይታያል። ድኻን በፎቶ እየሳመ በደጁ የሚወጋ ድርጅት ግብዝ ነው። የወለደውን ጀርባ ለጭብጨባ የሸጠ ልጅ ደግሞ ከግብዝም ይከፋል። ሳያጣራ ያጨበጨበና እውነት የተናገረችውን የሰደበ ሕዝብም ከደሙ ንጹሕ አይደለም!

እስቲ በሐቅ መልሱ... እናንተ በረሂማ ቦታ ብትሆኑ የልጁን ምስጢር ትጠብቁለት ነበር ወይስ በአደባባይ ታወጡት ነበር? ለምን?